በጥድፊያ ያየሁት ሰዓት ሠሪ

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ጉሮሮህ እንዴት ነው? ቁስሉ ጠገገልህ? ምግብስ ያለ ችግር ይወርድልሃል? እማዬን በስልክ ስጠይቃት «ደህና ነው፣ በልቷል፣ ተኝቷል» ትለኛለች፤ እሷ ግን ቤቱ በእሳት ቢያያዝ እንኳ «ትንሽ ሞቅ ብሎናል» የምትል ሴት ስለሆነች ወሬዋን ግማሹን ነው የማምነው። እኔ ደህና ነኝ። ሥራውም፣ ቤቱም፣ ጤናውም እንደነበረ አለ። ናፍቆትህ ግን ብሶብኛል፤ ለምን እንደባሰብኝ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

ቀስ ብዬ ማለቴን ልብ በልልኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ደብዳቤ የመረጥኩት ስልኩ ስላሳፈረኝ ነው። አንተ ከእንግዲህ በስልክ ልትመልስልኝ አትችልም፤ እኔ ብቻዬን ለፍልፌ ብዘጋው ደግሞ ያው የድሮ አመሌ ነው የሚሆነው። ድምፅ በነበረህ ጊዜስ መች አስጨርሼህ አውቃለሁ? ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ስታነብ ቢያንስ «አባዬ፣ ባጭሩ» የሚልህ ሰው የለም።

ነገሩን ሳላሽሞነሙን ልንገርህ። እናንተ የምታውቁት ጋዜጣው ቤት አራሚ መሆኔን ነው። እሱ እውነት ነው፤ የሰው ፊደል ስለቅም እውላለሁ። ግን ይኸው አራት ዓመቴ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ከኋላ ወንበር» በሚል የብዕር ስም ስለ ፊልም የሚጽፈው ሰው እኔ ነኝ። «ሰባት ደቂቃ» የሚባለውን፣ በአማርኛ ድምፅ የተቀዳለትን የጃፓን ካርቱን፣ አኒሜውን፣ ያብጠለጠልኩት እኔ ነኝ። «የሰዓት ሠሪውን ድምፅ የሚሠራው ሰው በአንድ ቃልና በሌላው ቃል መካከል ሻይ አፍልቶ፣ ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን አጥቦ ይመለሳል» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። «ለሽማግሌ ገጸ ባሕርይ የግድ ሽማግሌ ይፈለግ ያለው ማነው? ትንፋሽ ያለው ወጣት ይተካልን» ያልኩትም እኔ ነኝ። ሰውየው አንተ መሆንህን አላወቅኩም ነበር።

እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀምጠህ ትንሽ አረፍ በል። ልትሰድበኝ ከፈለግክም ነጩ ሰሌዳህ ላይ ስደበኝና ከዚያ ቀጥል። እኔ እጠብቃለሁ።

የብዕር ስሙን ከየት እንዳመጣሁት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ትዝ ይልሃል፣ እማዬ ልብስ ስፌቱ ቤት ስለምታመሽ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ አንተ ራዲዮ ድራማ ወደምትሠራበት ስቱዲዮ ይዘኸኝ ትገባ ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ አንተ ከነወረቀትህ፣ ከመስታወቱ ወዲህ እኔ በሩ አጠገብ ባለችው የኋላ ወንበር ላይ። ቀይዋ መብራት ስትበራ ንቅንቅ እንዳልል ታስምለኛለህ፤ እኔ ግን አንተ አንድ ገጽ ሳታነብ ሦስት ጊዜ ከወንበሩ ወርጄ ሦስት ጊዜ እወጣለሁ። ቁንጫ ያልከኝ ያኔ ነው። ሥራህ ሲያልቅ ማዳመጫውን ከጆሮህ ታወርድና ወደኔ መጥተህ «ጨረስኩ፣ ቁንጫዬ። ተነሽ እንሂድ» ትለኛለህ። ሁልጊዜ ይቺኑ ነው፣ አንድ ቃል አትጨምርባትም። ይቺን ለመስማት ነበር እዚያ ወንበር ላይ የምጠብቀው።

አሁን ጥፋቴ እንዴት እንደተሠራ ልንገርህ። ረቡዕ ጠዋት ፊልሙን የያዘው ፍላሽ ይመጣል፤ ሐሙስ ከምሳ በፊት ጽሑፉ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለበት። አሥራ ሁለት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ ሃያ አራት ደቂቃ፤ አራሚነቱም በላዩ ላይ አለ። ስለዚህ በአንድ ተኩል ፍጥነት አያለሁ። የመግቢያውን ዘፈን እዘላለሁ። መጨረሻ ላይ የሠራተኞቹ ስም መውረድ ሲጀምር ወደሚቀጥለው ክፍል እሻገራለሁ። ሰው ዝም ሲል ደግሞ ቀስቷ ያለችበትን ቁልፍ ጠቅ አደርግና አሥር ሰከንድ ወደፊት እዘላለሁ፤ ዝም ያለ ሰው ምን ቁም ነገር ይነግረኛል ብዬ። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃብኝም። እንዲያውም አለቃዬ እንደኔ ፈጣን ጸሐፊ አላየሁም እያለ ለሌሎቹ ምሳሌ ያደርገኛል።

በዚያ ፍጥነት የሰው ድምፅ ሁሉ ይቀጥናል። አንተ ደግሞ በአንድ ድራማ ውስጥ አምስት ሰው መሆን የምትችል ሰው ነህ። ስምህም ከሁሉም በኋላ ነበር የተጻፈው፣ እኔ በማልደርስበት ቦታ። ይሄን ሁሉ የምደረድረው ምክንያት እንዳለኝ እንድታውቅ ነው እንጂ ምክንያቱ አያድነኝም። ልጅ የአባቷን ድምፅ በየትኛውም ፍጥነት ማወቅ ነበረባት።

ባለፈው ወር ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጆሮ። ራዲዮ ጣቢያው ድምፅ ይቀዳልህ የነበረው መላጣው ሰውዬ። ማስታወቂያ ሊያስነግር ጋዜጣው ቤት መጥቶ ደረጃው ላይ ተገጣጠምን፤ ሽበቱ ጺሙ ላይ ወርዷል፣ ስሙ ግን እስከዛሬ ጆሮ ነው። አገጬን አይቶ ልጅህ መሆኔን አወቀ። ስለ ኦፕራሲዮንህ ጠየቀኝና፣ ያቺ የሰዓት ሠሪው ሥራ እንኳ በቀረችልን ኖሮ ብሎ በረዥሙ ተነፈሰ። የምን ሰዓት ሠሪ አልኩት። አለማወቄ ገርሞት እዚያው ቆሞ ሁሉንም ነገረኝ።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ከተነገረህ በኋላ ነው ሥራውን የተቀበልከው አለኝ። አሥራ ሁለቱን ክፍል በአሥራ አንድ ቀን ቀዳችሁት። ለብ ያለ ውኃ አጠገብህ አስቀምጠህ፣ ዐረፍተ ነገር ስትጨርስ ትጎነጫለህ፤ እያመመህ መሆኑን ያውቃል፣ አንተ ግን አትናገርም። መሐል መሐል ላይ ያለውን ዝምታ ልቁረጠው ወይ ብሎ ሲጠይቅህ፣ ሰውየው ሰዓት ሠሪ ነው፣ ዝም ያለው ሥራ ፈትቶ አይደለም፣ ተወው አልከው። ይሄን ሲነግረኝ ጆሮ ዓይኑን ይጠራርግ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውንም ነገረኝ። አንድ ጋዜጣ ሰውየውን አጣጣለው፤ አከፋፋዮቹ ጽሑፉን አንብበው ደነገጡ፤ አንድ ወጣት ጠርተው የሰዓት ሠሪውን ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና አስቀዱት። ያስቀዱትም ባንተው ላይ ነው። የድሮው ጠፍቷል።

ቀጥሎም ያ ጽሑፍ የወጣው እናንተ ጋዜጣ ላይ ነው፣ ጸሐፊውን ታውቂዋለሽ ወይ አለኝ። አላውቀውም አልኩት። ይኸውልህ አባዬ፣ እሱንም ጨመርኩበት። ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ አየሁት፤ ጠርቼ እውነቱን አልነገርኩትም።

የዚያን ቀን ፊደል ማረም አልቻልኩም። ስልኬን አውጥቼ በድምፅህ የተነጋገርንበትን የመጨረሻ ቀን ፈለግኩ። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይላል። ትዝ አለኝ። ሰላም ካልከኝ በኋላ ስለ እማዬ ጉልበት አወራህ፣ ስለ ጎረቤት ቧንቧ አወራህ፣ ከዚያ «አንድ ሥራ ይዣለሁ፣ ምን መሰለሽ» ብለህ ጀመርክ፤ እኔም «አባዬ፣ ባጭሩ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ ልደውልልህ» አልኩህ። አልደወልኩም። ሐኪም ቤት ስመጣ አንገትህ ታስሯል። ሁለት ቀን ተቀምጬ በሦስተኛው ተመለስኩ፤ ረቡዕ ነበራ።

ከጆሮ ጋር ከተገናኘን በኋላ ለእማዬ ደውዬ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኳት። እኔ መሆኔን አልነገርኳትም። እሷማ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ጠበቀችኝ! ያ ባለጌ፣ ያ አሳዳጊ የበደለው፣ እናት የለውም ወይ እያለች አወረደችብኝ፤ እኔም አዎ፣ እውነትሽን ነው እያልኩ ተቀበልኳት። ጋዜጣው ሲወጣ አንተ አንብበህ ትከሻህ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅክ አለችኝ። ከዚያ በመቀስ ቆርጠህ ሰማያዊው ማኅደር ውስጥ ከተትከው። ድምፅህ መቀየሩን ሊነግሩ ሲደውሉ ደግሞ እሷ ስታለቅስ አንተ ሰሌዳው ላይ «ተይ፣ ሥራ ነው» ብለህ ጻፍክላት። ለምን እስካሁን አልነገራችሁኝም ስላት፣ እንዳልነግራት የከለከለኝ እሱ ነው፣ መጀመሪያ ራሷ ትስማው አለኝ፣ ከዚያም ዝም በይ አለኝ አለች። ሰማያዊው ማኅደር ውስጥ የዚያ ባለጌ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ሳይቀር አለ አሉ። ምኑ እንደሚጥመው እንጃለት ብላኛለች። እኔም ምኑ እንደሚጥምህ አልጠየቅኳትም፤ ያቺን የኋላ ወንበር ካንተ በቀር የሚያውቃት የለም።

አሁን ወደ ደጉ ነገር ልምጣ፤ አንድ ደግ ነገር አለ። ለጸሐፊዎች የሚላከው ፍላሽ በሳምንቱ ይመለስልን ተብሎ ነው የሚሰጠው። እኔ ደግሞ ነገር መመለስ አላውቅበትም፤ የሰው ጃንጥላ እንኳ ቤቴ ውስጥ ሁለት አለ። መሳቢያዬን ስገለብጥ፣ ከተሰበረው መነጽሬ ሥር፣ ፍላሹ ቁጭ ብሏል። የድሮው ነው። አንተ ያለህበት።

እሑድ ጠዋት ስልኬን አጥፍቼ፣ የታጠበ ልብስ የተሰጣበትን ክፍል አመቻችቼ ተቀመጥኩ። ጣቴን ስለማላምነው ቀስቷ ያለችበት ቁልፍ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩ። ፍጥነቱን ወደ አንድ መለስኩት። የመግቢያውን ዘፈን አሥራ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ስሞቹንም እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ ያንተን አሥራ ሁለት ጊዜ።

እንግዲህ ያኔ መጻፍ የነበረብኝን ግምገማ አሁን ላንተ ልጻፍልህ። ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ ያኔ አላወቅኩትም ነበርና ልንገርህ። ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ሠሪ አለ። ግድግዳው ላይ የሰቀላት ሰዓት ሰውን ወዳለፈ ቀን ትመልሳለች፣ ግን ለሰባት ደቂቃ ብቻ ነው። አንዲት ቲኬት ቆራጭ ልጅ ወንድሟ ተሳፍሮበት ያልተመለሰውን አውቶቡስ ልታስቀር በየክፍሉ ወደ መናኸሪያው ትመለሳለች። ቲኬቱን ትደብቃለች፣ ጎማ ታስተነፍሳለች፣ ሾፌሩን ትለምናለች። አውቶቡሱ ግን ይሄዳል።

እኔ ምን ጻፍኩ? «ደራሲዎቹ ሒሳብ አያውቁም፤ ከአንድ ቀን በፊት ተመልሳ ወንድሟን ቤት ብትቆልፍበት ተከታታዩ በአንድ ክፍል ባለቀ ነበር» ብዬ አላገጥኩ። መልሱ ክፍል አራት ላይ ነበር። ልጅቷ ይሄንኑ ጥያቄዬን ሰዓት ሠሪውን ትጠይቀዋለች። እሱ መነጽሩን ያወልቃል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ያደርጋል። አሥራ ስድስት ሰከንድ ዝም ይላል። ከዚያ ባንተ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰዓቷ የምትመልሰው ያባከንሽውን ደቂቃ ብቻ ነው ይላታል። ልጅቷ ያኔ መናኸሪያው ውስጥ ከወንድሟ ጋር ተኳርፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ መጽሔት ስታገላብጥ ነበር ሰባቱ ደቂቃ ያለቀው። እኔ ያንን ዝምታ ዘልዬዋለሁ። መልሱንም አብሬ ዘለልኩት።

ዝምታህን ሁሉ ቆጠርኩት ብልህ ታምነኛለህ? በየክፍሉ አለ። ስታቆም ውኃ ስትጎነጭ፣ ምራቅህ እያመመህ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ሰዓት ሠሪው ግን የሚያስብ ነው የሚመስለው። ሕመምህን ለሥራው ሰጠኸው፤ እኔ ደግሞ ሻይ ያፈላል አልኩህ። ክፍል ዘጠኝ ላይ ልጅቷ፣ አንተስ ለምን አትመለስበትም ብላ ስትጠይቀው፣ እኔ የምመለስበት የለኝም፣ የምጠብቀው ሰው ነው ያለኝ ይላል። እዚያ ላይ ማየቴን አቁሜ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ሁሉንም አወድሳለሁ ብለህ ግን አትጠብቅ። ክፍል ስምንትን አሁንም አልወደድኩትም። የድመቷ ታሪክ ለምን እንደገባ ዛሬም አልገባኝም፤ ሙዚቃውም አንዳንድ ቦታ ሰው ያደነቁራል።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል ልምጣ። ልጅቷ ለመጨረሻ ጊዜ መናኸሪያው ሄዳ አውቶቡሱን ተወችው። ኦቾሎኒ ገዝታ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። እሱ ስለ ጠበበው ጫማው የማያልቅ አሰልቺ ወሬ ያወራል፤ እሷ ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ታዳምጠዋለች። አውቶቡሱ ሄደ። ሱቁ ተመልሳ ሰዓት ሠሪውን አመስግና ወጣች። ሽማግሌው ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ሰዓቷን ከግድግዳው ያወርዳል፣ ያቆማታል፣ በጨርቅ ይጠቀልላታል። ሃያ ሁለት ሰከንድ የማንም አፍ አይንቀሳቀስም። የግርጌ ጽሑፍም የለም። ያኔ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጌ የዘለልኩት ቦታ ነው።

እዚያ ውስጥ አንተ ነበርክ፣ አባዬ። የሽማግሌውን ድምፅ ትተህ በራስህ ድምፅ፣ ማዳመጫውን ካወረድክ በኋላ በምትናገርበት ድምፅ። «ጨረስኩ፣ ቁንጫዬ። ተነሽ እንሂድ።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ማንም ባያየኝም ተነሳሁ። ከዚያ የታጠበው ልብስ መሐል ቆሜ አለቀስኩ።

ጋዜጣ ላይ ሌላ ግምገማ ልጽፍ ስጠይቅ አለቃዬ አንድ ፊልም ሁለት ጊዜ አንገመግምም አለኝ። ሁለተኛ ገጽ ታች ያለችውን የእርማት ሳጥን የማዘጋጀው ግን እኔ ነኝ። የዛሬ ሳምንት እንዲህ የሚል ታገኛለህ፤ «በ‹ከኋላ ወንበር› ስለ ሰዓት ሠሪው ድምፅ የተጻፈው ስህተት ነው። ጸሐፊዋ አላዳመጠችም ነበር።» ከሥሩ እውነተኛ ስሜ አለ። ያንተም ስም ከጎኑ አለ። ሰማያዊው ማኅደር ውስጥ ቦታ ካለ እሷንም ቆርጠህ ክተታት።

ለጆሮ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። ለረዥም ጊዜ ዝም አለኝ፤ እኔም አልዘጋሁበትም። በመጨረሻ ፍላሹን ሳትነኪ አምጪው፣ እገለብጠዋለሁ አለኝ። አምስት ቦታ ገልብጦታል። እንግዲህ ማንም በላዩ ላይ አይቀዳበትም።

ፖስታ ቤት አላምንምና ፍላሹን ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ፤ ለአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፣ በመሐሉ ያሉት ሁለቱ ረቡዕ ለሌላ ሰው ተሰጥተዋል። ሦስታችን አንድ ላይ እናየዋለን፣ በእውነተኛው ፍጥነት፣ ድመቷንም ጨምሮ። አንተና እማዬ ከፊት ትቀመጣላችሁ። ለኔ ከበሩ አጠገብ አንዲት ወንበር ይበቃኛል። ሲያልቅ መጥተህ ትከሻዬን ንካኝ። ሌላ ምንም አያስፈልግም፣ ሰሌዳውንም አታንሳ፤ እኔ ይገባኛል፣ እነሳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ያ ባለጌ ማን እንደሆነ እስከዛሬ ለእማዬ እንዳልነገርካት ሁሉ፣ እኔ እስክመጣ አትንገራት። ራሴ እነግራታለሁ፤ ዱላውንም ራሴ እቀበላለሁ።

ፈጣሪ ቁስልህን ይፈውስልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ እማዬንም ካንተ አይለያት። እስከ ቅዳሜ በደህና ቆዩኝ።

ቁጭ ብላ የምትጠብቅህ
ልጅህ